የማዳሜ ጣሪያ

ቤይሩት፣ ቨርደን የሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት እሠራ በነበረበት ጊዜ ማዳሜ የምትኖረው በሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነበር። ከእኛ በላይ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው። የቤይሩት ጣሪያ እንደ አገራችን ቆርቆሮ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ሆኖ፣ ውሃ እንዳያስገባ ዝፍት የሚሉትን ጥቁር ሬንጅ ያለብሱታል።

የማዳሜ ዝፍት ያረጀ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ቡኒ እድፍ ይወጣል። ቀለም ቀቢ ትጠራለች፣ ይነጣል። በሚቀጥለው ዝናብ እድፉ ሰፍቶ ይመጣል።

"ማዳም፣ ጣሪያውን የሚያይ ሰው ብትጠሪስ?" አልኳት አንዴ።

"ጣሪያው የሁሉም ነው። ለምን እኔ ብቻ?"

ታች ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ የሚፈስባቸው ነገር ስለሌለ ግድ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት ልስኑ ተገንጥሎ ሶፋው ላይ ተፈረፈረ። ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይመጣሉ። ማዳሜ ጮኸች፤ "ያላ፣ ውጪና እዪው! ናጡሩ እንደሆነ ስልክ አያነሳም።" ናጡር የሚሉት የሕንፃውን ዘበኛ ነው።

የጣሪያውን በር ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ዘጋው። ዝናቡ መውረጃ አጥቶ ኩሬ ሠርቷል፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ተኝቷል። ጓንት አድርጌ መውረጃው ቱቦ ውስጥ እጄን ከተትኩ። የሲጋራ ቁራጭ፣ ከርግብ ኩስ ጋር የተላቆጠ ላባ፣ በበጋ ጥብስ የሚጠብሱት ጎረቤቶች የጣሉት የዶሮ አጥንት ወጣ። ከሥሩ ያበጠ የሕፃን ዳይፐር ነበር። ልጅ ታቅፎ እዚህ ድረስ የወጣ ሰው ዳይፐሩን ይዞ ለመውረድ ምን ከበደው? እየተንገፈገፍኩ ጎትቼ አወጣሁት፤ ውሃው እየተንቦጫረቀ መውረድ ጀመረ።

ልመለስ ስል የእኛ ካዛን፣ ማለትም ወደ ቤታችን ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ክዳኑ ተሰብሮ ወደ ጎን መንሸራተቱን አየሁ። ላስተካክለው ጎንበስ አልኩ። ውስጡ የሞተች ርግብ ተንሳፍፋለች። ቆዳዋ ተላልጦ ሥጋዋ ነጭ ሆኗል፣ ላባዋ በውሃው ሁሉ ተበትኗል። ጠዋት ከዚያ ውሃ አንድ ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። እዚያው አስመለሰኝ።

ስወርድ ማዳሜ ማዕድ ቤት ሳህን ትደረድር ነበር።

"ተስተካከለ?"

"ውሃው ወርዷል። ግን ማዳም፣ ካዛኑ ውስጥ ርግብ ሞታ በስብሳለች።"

ፊቷን አጨማደደች። ትንሽ አሰብ አደረገችና "ኸላስ፣ በቃ ያስጸዱታል። እኛ እንደሆነ ከሱ አንጠጣም" አለች።

እሷ የምትጠጣው የጠርሙስ ውሃ ነው። እኔ ደግሞ ከቧንቧ። "እኛ" ስትል እኔ የለሁበትም። ከርግቧ ይልቅ ይቺ ቃል አቅለሸለሸችኝ።

"እኔ እጠጣለሁ" አልኳት። "አንቺም ጥርስሽን የምትቦርሺው በሱ ነው። ትናንት የበላሽው የታቡሌ ሰላጣ የታጠበውም በሱ ነው።"

አፏን በእጇ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ስታስመልስ ሰማኋት። ከዚያ ልትጉመጠመጥ ቧንቧውን ከፈተችና ጮኸች።

እንግዶቹ ቀሩ። በዚያው ሳምንት ሠራተኞች መጥተው ያረጀውን ዝፍት ፍቀው በእሳት እያቀለጡ አዲስ አነጠፉ፤ ካዛኑም በክሎሪን ታጥቦ አዲስ ክዳን ገባለት። ኮርኒሱ ደረቀ። ለእኔም የጠርሙስ ውሃ እንዲመጣ ጠየቅኳት።

"አሁን እኮ ንጹሕ ነው" አለች።

"እንግዲያው አብረን እንጠጣዋ" ብዬ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ፊቷ አስቀመጥኩ።

ብርጭቆውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አልነካችውም። በማግስቱ ሱቁ ሁለት እሽግ ውሃ አመጣ፤ አንዱን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ክፍሌ በር አስጠጋችልኝ። ሜርሲ ብዬ አላመሰገንኳትም።

ኮንትራቴን ጨርሼ ወጣሁ። አሁን ቤይሩት ዳር ሺያህ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ማንም ሳያዘኝ ጣሪያው ላይ ወጥቼ መውረጃውን እጠርጋለሁ። እስካሁን አንድም ጊዜ ሳልጸየፍ ጠርጌው አላውቅም።