እጅ የያዘ ቋጥኝ

የመንደሩ ሰው «ጭምቱ» ይለዋል። ሚስቱ ግን ጭምትነት አይደለም ባይ ናት፤ አቧራ እንዳይገባበት አፉን መዝጋት ለምዶ ነው ትላለች። አባቱ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። የሞተር ወፍጮ መጥቶ ያ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ልጅየው ከተረፈው ድንጋይ አንዲት ሽኮኮ ጠርቦ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። መንገደኛ አይቶ ወደዳትና ገዝቶ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ጢሙ እስኪሸብት ከድንጋይ እንስሳ ከማውጣት በቀር ሌላ ሥራ አልሞከረም።

የሚሠራው ከቤቱ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ቆርቆሮ በወጠረበት ጥግ ነው። ጠዋት ሽኮኮዎች አለቱ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን አዝለው ያልፋሉ። እሱም መሮውን አስቀምጦ አንገታቸውን እንዴት እንደሚያዞሩ፣ ሲቀመጡ ክብደታቸው የት ላይ እንደሚያርፍ ያያል።

«ከእኔ ፊት ይልቅ የዝንጀሮዎቹን ታውቃለህ» ትለዋለች ሚስቱ።

«እነሱ ዝም ብለው ይታዩልኛል» ይላታል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ናዳ ወርዶ ከአፋፉ ሥር አንድ ግራጫ ቋጥኝ አጋለጠ። ስንጥቅ የሚባል የለውም። በመዶሻ ሲመታው እንደ ደወል ጮኸ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳው። የሚስቱ ወንድም ገበያ ሊሄድ ሲነሳ «ጋሼ፣ ገመድ ይዤ እስክመለስ ለብቻህ እንዳትነካው» ብሎት ነበር። እሷም ደገመችለት።

«ላየው ብቻ ነው» አለና ወጣ።

ማየቱ መንካትን አስከተለ፤ መንካቱ ደግሞ ዲጂኖ ጠየቀ። ቋጥኙን በዲጂኖ ቀና አድርጎ ከሥሩ የድንጋይ ሽብልቅ አስገባ። ጠጠሩን ሊጠርግ ግራ እጁን ሲሰድ ሽብልቁ ተፈረካከሰ፤ ቋጥኙ እጁ ላይ ተቀመጠ። ዲጂኖው እየተንኳኳ ገደል ገባ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማውም። ሲሰማው ግን ዓይኑ ጨለመ። ሁለት ጣቶቹ ተይዘዋል፤ ቢጎትትም አይለቁም። በቀኝ እጁ በኩል መዶሻና መሮ ቀርተውለታል። እጁ ያረፈበት ድንጋይ ልል መሆኑን ያውቃል፤ ከሥር ቢቦረቡረው ጣቶቹ ይወጡ ይሆናል። መሮውን በጉልበቱ ደግፎ በቀስታ መምታት ጀመረ።

ያኔ አንድ ዝንጀሮ ጮኸ። መንጋው እየተንጫጫ ገደሉን ሽቅብ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ሽኮኮዎቹም ድራሻቸው ጠፋ።

ቀና ሲል ከበላዩ ካለው አለት ላይ ነብር ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ነብር የሚጠርበው ቆዳ አይቶና የሰው ወሬ ሰምቶ ነው፤ በሕይወት ያለ ነብር አይቶ አያውቅም። ልቡ በአፉ ልትወጣ ደርሳ እንኳ «ለካ ትከሻውን አላግባብ ከፍ እያደረግሁት ኖሯል» የሚል ሐሳብ ሽው አለበት።

ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም። መዶሻውን አንስቶ አለቱን በኃይል መታው። ነብሩ ጆሮውን አጠፈ። አለቱን ደግሞ ሲመታ ነብሩ ቁጢጥ አለ፤ አልሄደም ግን። መምታቱን ትቶ ወደ መሮው ሲዞር ነብሩ ተነስቶ ጥቂት ወረደ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ጣቶቹን ሊያወጣ ቢቦረቡር ነብሩ ይቀርባል፤ ነብሩን ሊያስቆም አለቱን ቢደበድብ ጣቶቹ እንደተያዙ ይቀራሉ። ፀሐይዋም ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ጣቶቹን ተወና መደብደቡን ያዘ። ክንዱ ዛለ፤ እሱ ግን አላቋረጠም።

እታች ቤት ወንድምየው ከገበያ ገብቶ አህያውን እያራገፈ ነበር። ሚስቱ ልብስ ታሰጣ ነበርና እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆማ አዳመጠች።

«ና ተከተለኝ» አለችው።

«ምን ሆንሽ እታለም? ጋሼ እየሠራ ነው እኮ፤ ይሰማል።»

«ሥራውንማ አውቀዋለሁ። ይሄ መሮ የለውም፤ ባዶ መዶሻ ነው። ቶሎ በል።»

የሁለቱ ድምፅ ከሥር ሲመጣ ነብሩ ዞር ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ጭምቱ መሄዱን አላመነም፤ አጠገቡ ደርሰው እንኳ ይመታ ነበር። ሚስቱ መዶሻውን ከእጁ ፈልቅቃ ወሰደች። ወንድምየው ከቋጥኙ ሥር ግንድ አስገብቶ በትከሻው ሽቅብ ገፋ፤ እሷም ተጨመረች። ቋጥኙ ነቅነቅ ሲል ጭምቱ እጁን ሳበ።

ሐኪሙ ሁለቱን ጣቶች ማትረፍ አልቻለም።

በጋውን ሙሉ ቤት ተቀመጠ። መሮ ሲይዝ ከመዳፉ ይንሸራተታል። ዝንጀሮ በሩቅ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። እንዴት ነህ ሲሉት «ደህና» ይላል። አንድ ጠዋት ሚስቱ መሣሪያዎቹን በከረጢት ተሸክማ ቀድማው ወጣች። ሳይወድ ተከተላት። ከአደጋው በፊት ጀምሮ የተወው ድንጋይ ፊት ተቀምጣ መሮውን በሁለት እጇ ደገነችለት።

መዶሻውን አነሳ። ጣቶቿን አየ። ክንዱ አየር ላይ ቀረ።

«ምታ» አለችው።

«ብስትስ?»

«ብትስት የሚጎዳው የእኔ እጅ ነው። ምታ።»

ነካ አደረገው። ድንጋዩ ተጫረ እንጂ አልተጠረበም።

«እንዲህ ከሆነማ ተኝተን ብናረፍድ ይሻለን ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከመሮው ሳትነቅል።

ጥርሱን ነክሶ ደገመ። ፍንጣሪ ጉንጯን መታት፤ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደገና መታ። ቀትር ላይ ከድንጋዩ የቆቅ ጀርባ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ነበር።