የቺካጌ ብረት

ነርሷ የቺካጌን ክንድ በላስቲክ አስራ ሥሯን እየዳበሰች ሳለ አዲሷ ሐኪም ገባች።

«ቆይ፤ ይህን መርፌ ማን አዘዘ?»

«ለሯጮቹ የሚሰጠው የብረት መድኃኒት ነው ዶክተር፤ የሁልጊዜው» አለች ነርሷ።

«መጀመሪያ ደሟ ይመርመር።»

ከእሷ በፊት የነበረው፣ ጡረታ የወጣው ሐኪም ምርመራ አይጠይቅም ነበር። የካልሲ ፋብሪካው ቡድን ሴት ሯጮች ሐሙስ ሐሙስ ከልምምድ መልስ ይሰለፋሉ፣ ክንዳቸውን ይሰጣሉ፣ ተወግተው ይሄዳሉ።

ቺካጌ የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋችው ኤሂሜ፣ አባቷ መንደሪን በሚያለማበት አገር፣ ተማሪ ሳለች ነው። ያኔ ደሟ በእርግጥ አንሶ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። መርፌው አስነሳት፤ ሮጣ አሸነፈች፤ ፋብሪካው ለቡድኑ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ በደከማት ቁጥር ይወጓታል። ዘንድሮ ከምንጊዜውም በላይ ደክሟታል፣ ስለዚህ ከምንጊዜውም በላይ ተወግታለች። እስከ ቀትር ካልሲ ታሽጋለች፣ ከቀትር በኋላ ትሮጣለች፣ ማታ ሩዝና የባሕር አረም በልታ ትተኛለች። ደስታም ንዴትም ከተሰማት ቆይቷል።

ውጤቱ ሲመጣ አሠልጣኝ ኦኪትሱ አብሯት ገባ። ወረቀቱን ያነሳው እሱ ነው።

«ሄሞግሎቢን ሸጋ ነው! ታዲያ ምን ሆነች ነው የሚሉን?»

«ከሥሩ ያለውን ይዩት። ፌሪቲን የሚለውን።»

አየ። «ይሄማ ጭራሽ ከፍ ብሏል። ጎተራው የሞላ ገበሬ መቼ አለቀሰ?»

ሐኪሟ ወደ ቺካጌ ዞረች። «ሄሞግሎቢን ሥራ ላይ ያለው ብረት ነው፤ ኦክስጅን ይሸከማል። ፌሪቲን ደግሞ የተቀመጠውን ያሳያል። ሲጎድል መጀመሪያ የሚያልቀው የተቀመጠው ነው፤ ብዙዎች አንዱን ብቻ አይተው የሚሳሳቱት ለዚህ ነው። ያንቺ ግን ከልኩ ብዙ እጥፍ አልፏል። ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፤ እሱንም መርምሬ አይቻለሁ፣ የለብሽም። በምግብ የሚገባውን አንጀት ይመጥነዋል። በመርፌ የገባውን ግን ሰውነት የሚያስወጣበት በር የለውም። ጉበትሽ ላይ እየተከመረ ነው።»

«ድካሙስ?» አለች ቺካጌ።

«ብረት ጎድሎሽ አይደለም። በዝቶብሽ ሊሆን ይችላል።»

«መድኃኒቱስ?» አለ ኦኪትሱ።

«መርፌው ይቆማል። ከዚያ በየጊዜው ከእሷ ደም እንቀዳለን። ሰውነቷ አዲስ ደም ሲሠራ ከተከማቸው ብረት ይወስዳል።»

«ከሯጭ ላይ ደም? ዶክተር፣ በኅዳር የቅብብሎሽ ውድድር አለብን እኮ! የመጀመሪያውን ዙር ሮጣ የምታስጀምረው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይቅዱ።»

«ጉበቷ እስከዚያ ይታገሣል ብዬ አልፈርምልዎትም። ክንዱ የእሷ ነው፤ እሷ ትወስን።»

ሲመለሱ መኪናውን የሚነዳው ኦኪትሱ ነበር። ቀይ መብራት ሲይዛቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ላንቺ ክፉ አስቤ አውቃለሁ?» አላት።

«አያውቁም፣ አሠልጣኝ።» እውነቷን ነው።

«ኅዳር ላይ ካልሮጥሽ ውሉን አያድሱልሽም። እኔ ብለምናቸውም አይሰሙኝም።»

«አውቃለሁ።»

በፋብሪካው መኝታ ቤት አብራት የምታድረው ሯጭ ማዶካ እግሯን በረዶ ውስጥ ነክራ ጠበቀቻት።

«ምን አሉሽ?»

«ብረት በዝቶብሻል አሉኝ።»

«አይዞሽ፣ ስታረጂ ለቆርቆሮ ነጋዴ እንሸጥሻለን!»

ማዶካ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ እግሯን ከበረዶው አወጣች። «ቆይ… እኔስ? እኔ ካንቺ ያነሰ ተወግቼ ነው?»

«ተመርመሪ።»

«አሠልጣኙ ምን ይለኛል?»

«ይቆጣል። ይቆጣ።»

ቺካጌ ፍርሃት እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ስለ ውሉ አሰበች፤ ስለ ጉበቷ አሰበች፤ ሁለቱም የሌላ ሰው ወሬ መሰሏት። ይህ ነው ያስገረማት። ዕድሜዋን በሙሉ ስትደክም የሚያዝንላትም የሚወጋትም ሌላ ሰው ነበር፤ አሁን ለራሷ ማዘን እንኳ አልቻለችም። ለራሱ የማያዝን ሰው መቼ በቃኝ ብሎ ያውቃል? ለራሷ እስክታዝን ከጠበቀች ኅዳር ይደርሳል።

ሰኞ ጠዋት ልምምዱን ትታ አውቶቡስ ያዘች። ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ኦኪትሱ ስልክ ደወለ፤ አነሳች።

«የት ነሽ አንቺ?»

«ደም ላስቀዳ መጥቻለሁ፣ አሠልጣኝ።»

«እንግዲያው ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

«እሺ» አለችና ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ኅዳር ላይ በቺካጌ ቦታ ማዶካ አስጀመረች፤ ቡድኑ ሰባተኛ ወጣ። የቺካጌ ውል በመጋቢት አልታደሰም።