ግማሽ መንገድ ላይ የቆመችው ፒክአፕ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ስልኩን ይዞ መጣና የዊንች ፎቶ አሳየኝ። የተበላሹ መኪናዎችን ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ጋራዦች የሚያመላልስበት ተሳቢ ሊያሠራ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ዊንች፣ ካቦ የሚባለውን የብረት ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚስበው መሣሪያ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚታዘዝ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ነው። «በእጅ የሚዞረውን ግዛ» አልኩት። ሳቀብኝ። ስለ ባትሪውና ስለ ብርዱ ነገርኩት፤ ዋናውን ምክንያት ግን ዋጥ አደረግሁት። እሱን እዚህ ልጻፈው።

በሃያ ሦስት ዓመቴ እኔም እንደ እሱ ባለባትሪውን ነበር የፈለግሁት። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ መኪና መጫኛውን ተሳቢም በይደን የሠራነው ሁለታችን ነን። ማረሻና ማጭድ የሚያሠሯቸው ሰዎች ፊት ለፊት ያመሰግኗቸዋል፤ ዞር ሲሉ ቡዳ ይሏቸዋል። ማዕድ አይጋሩንም ነበር። መንግሥት ተለውጦ በየስብሰባው ስለ እኩልነት የሚወራበት ጊዜ ነው፤ አዳራሽ ሞልተው የሚያጨበጭቡትም እነዚሁ ሰዎች ነበሩ።

መርካቶ ሄደን ዊንች ስንመርጥ አባቴ ባለባትሪውን ገልመጥ አድርገው አለፉት።

«በመንዝ ብርድ ባትሪው ቢሞትብህ ዳገት ላይ ማንን ትጣራለህ?» አሉኝ። «ደግሞ የመኪናውን ክብደት ብቻ አትይ። ጭቃውም ይጎትታል፣ ዳገቱም ይጎትታል።»

ይሻላል ያሉትን አሮጌ የእጅ ዊንች ገዛን፤ ጉልበቱ ከአንድ ፒክአፕ ክብደት እጥፍ ነው። ካቦው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ጥርሱ ላይ እየወደቀች የምትይዘው ብረት አልቃ ስለነበር አባቴ በፍም አግለው አዲስ ሠሩለት። የሚዞርበት እጀታ ይነቀላል። እኔ ይጠፋብናል ብዬ ተነጫነጭኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ዓርብ፣ ሞላሌ አካባቢ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ነጋዴ ጠሩን። ፒክአፓቸው ሞተሯ ተቃጥሎ ደጃቸው ላይ ቆማለች። ግርማ የሚባለው ሹፌራችን ተሳቢውን በመኪናው እየጎተተ አደረሰን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መሬቱ ላቁጧል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እርጥብ ገብስ ይሸታል።

የተሳቢውን ጎማዎች በድንጋይ አስደገፍን። ካቦውን ሻንሲዋ ላይ አሰርን። አባቴ ከቤት ያመጡትን የበግ ጠጉር ባና ውኃ ነክረው ካቦው ላይ ጣሉበት። «ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ነው። ይኼ ተጭኖ ይጥለዋል» አሉ። እኔ እጀታውን ማዞር ያዝኩ። ፒክአፗ ስንዝር በስንዝር ተሳበች። የፊት ጎማዎቿ ተሳቢው ላይ ወጥተው የኋላዎቹ ጭቃው ውስጥ እንዳሉ ጋሽ ተሰማ በራቸው ላይ ብቅ አሉ።

«ግርማ፣ ግባ እንጂ፤ የዛሬው ጾምም ሊፈታ ነው» አሉ። ከዚያ አባቴን ሳያዩ፣ «ለአንተና ለልጅህ እዚያው አጥሩ ሥር ያመጡላችኋል» አሉ።

አባቴ ስልሳ ዓመታቸው ነበር። የዚያን ቤት በር ማጠፊያ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ወደ አጥሩ መራመድ ጀመሩ። ከንግግሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ያ እርምጃ ነው፤ እግራቸው ቦታውን ማወቁ።

እጀታውን ነቀልኩና ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

«ጋሽ ተሰማ፣ አባቴ ቤት ሳይገቡ መኪናዎ ከዚህ ንቅንቅ አትልም።»

«ምን አልክ አንተ?»

«የሰሙትን ነው።»

ደፉ ላይ ደርሶ የነበረው ግርማ ተመልሶ መጣና ተሳቢው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ደማቸው ፈላ። ቀበሌ እከስሃለሁ አሉኝ።

«ይክሰሱኝ። ምን ብለው እንደሚከሱኝ እኔም መስማት እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ካፖርቴንም እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

አባቴ ከአጥሩ ተመለሱና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እጀታውን አምጣ። ሥራ አንጠልጥለን ሰው አንቀጣም።»

እርር እያልኩ ሰጠኋቸው። እያዞሩ እያዞሩ ፒክአፗን አወጧት፤ በሰንሰለትም ጠፈሯት። ቀጥሎ እጀታውን ተሳቢው ላይ አስቀመጡ። የጫማቸውን ጭቃ ደፉ ላይ አራገፉና ባዶ እጃቸውን በጋሽ ተሰማ አጠገብ አልፈው ቤት ገቡ። መደቡ ላይ፣ ለእንግዳ በተነጠፈው አጎዛ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ተሰማ ደጅ ቆመው ቀሩ። ባለቤታቸው ግን ጥቂት ካመነቱ በኋላ የእጅ ውኃ ይዘው መጡ፤ «ይታጠቡ» አሏቸው። እኔና ግርማ ተከትለን ገባንና ከአንድ ትሪ በላን። ጋሽ ተሰማ ሆዴን አሞኛል ብለው ሳይቀርቡ ቀሩ።

ስንመለስ አባቴ መሀል መንገድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። 

«ስልሳ ዓመት ሙሉ ደጅ ያስቀመጡኝ ለዚህ ሽሮ ነው?»

ግርማ መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። ሦስታችንም ሳቅን፤ አባቴ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። የዚያን ቀን ያህል ወድጃቸው አላውቅም።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች ያስገቡናል፤ ያልተዉትም አሉ። የልጄ ባል ራሱ ከማያስገቡን ቤቶች የአንዱ ልጅ ነው፤ የእጁ ዊንች እጀታ እንደሚነቀል ያልነገርኩትም ለዚህ ነው። ወጣቶቹ ዘመን ለወጠው ሲሉ እሰማለሁ፤ አልቀበልም። ዘመንን በስብሰባ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ፤ ማታውኑ ምግባችንን አጥር ሥር ሲያወጣልንም አይቼዋለሁ። ያን ቤት የለወጡት ማንም ግቡ ሳይላቸው የገቡት አባቴ ናቸው።