እርጥብ እግር

የልጅ ልጄን ላጥብ ስል የውሃውን ሙቀት በክንዴ እሞክራለሁ። ለብ ያለው ውሃ ቆዳዬን በነካ ቁጥር አንድ የልጅነቴ ማታ ትዝ ይለኛል። ለማንም አላወራሁትም፤ አንተ ግን ከጠየቅኸኝ አይቀር ልንገርህ።

ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። መንግሥት መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ ከቁይ ገበያ ተነሥቶ በየደጁ ገባ። መሬት ከተለካ ርስት አለቀ ነው የሚባለው። እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም፤ ወንዱ ሁሉ መሣሪያውን ወለወለ። አንድ ጠዋት ለኪዎቹን ከማዶው ደብር አባረሯቸው፤ አንዱ ግን ጫካ ገብቶ ጠፋ ተባለ። አባቴም ምንሽሩን አንግቦ ከፈላጊዎቹ ጋር ወጣ።

ሊመሽ ሲል ከደጃችን ድምፅ ተሰማ። "የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!"

"ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ" አሉ አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ማንነቱን ሳያዩ።

የገባው ሰው ካኪ ሱሪ ለብሷል፤ ጫማው የአንድ እግሩ ብቻ ቀርቷል። እናቴ አየችውና ክው አለች። አያቴም አዩት፤ እኔን ግን "ውሃ አሙቂ" ነው ያሉኝ።

በእኛ አገር የእንግዳ እግር የሚያጥበው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። አጥቦ ሲጨርስ እግሩን ይስማል፤ እንግዳውም "ያሳድግህ"፣ "ያሳድግሽ" ብሎ ይመርቃል። እግሩ የታጠበ ሰው የቤቱ ሰው ነው፤ እሱን የነካ ከባለቤቱ ጋር ደም ይቃባል። ገበቴውን ይዤ ስቀርብ ከታች የሰው ጫጫታና የውሻ ጩኸት መጣ። ወደ በሩ ስዞር ውሃው መሬት ላይ ተደፋፋ። አያቴ ተቀበሉኝ።

"አንቺ ወዲያ በይ፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው።"

አገር አንቱ የሚላቸው ሽማግሌ እንግዳው እግር ሥር ተንበረከኩ።

ሰዎቹ ሲገቡ አባቴ ከፊት ነበር። እርጥብ ቆዳና የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝ። አያቴ ቀና አላሉም። ከጣቶቹ መሃል ጭቃውን እያወጡ፣ እሾህ የወጋውን እየዳበሱ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው አጠቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳሙት። እንግዳው ፊቱ አመድ መስሎ ዓይኑን ከጠመንጃዎቹ ላይ አልነቀለም፤ አፉ ግን የለመደውን ተናገረ።

"ያሳድግዎት" አለ።

ጢማቸው ጥጥ የመሰለ ሰው! ያውም ቁመታቸው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ።

"አሜን!" አሉ አያቴ። "እናቴም ይኼንኑ ስትመኝልኝ ነው የሞተች።"

አንዱ ሳያስበው ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አባቴ ግን አልሳቀም።

"አባ፣ ይኼ እኮ ርስታችንን ሊለካ የመጣ ነው። ነገ ቢነጥቁን ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?"

"ሲነጥቁን አብረን እናለቅሳለን። አሁን ግን እግሩ እርጥብ ነው። እርጥብ እግር ከቤቴ አይወጣም።"

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ብቻ በሩ ላይ ዞር ብሎ "ግድ የለም፤ ነገ ይደርቃል" አለ።

በማግስቱ አያቴ ዱላቸውን ይዘው እንግዳውን የመንግሥት ጣቢያ ወዳለበት ቁይ ድረስ ሊሸኙ ተነሡ። ጥቂት ቆይቶ አባቴ ምንሽሩን ከግድግዳው አወረደና ተከተላቸው። እናቴ "በማርያም!" ብትለው ዞሮም አላያት። ቀኑን ሙሉ ተኩስ ይሰማል ብለን ስናዳምጥ ዋልን። እናቴ ምስር ትለቅማለች፤ የለቀመችውን መልሳ ከጠጠሩ ትቀላቅለዋለች። አባቴን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

አያቴ የዚያን ዓመት ክረምት አላለፉም። ዛሬም በሬ ሲንኳኳ "ማነው?" ከማለቴ በፊት "ግባ" የምለው ከእሳቸው ወርሼ ነው። ልጆቼ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

ያን ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ አባቴ ብቻውን ዳገቱን ሲወጣ አየን። እናቴ እሪ ብላ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። አጠገቡ ስንደርስ ነው አያቴን ጀርባው ላይ ያየናቸው።

"ሰዎቹ ሁለት ቦታ አድፍጠው ነበር" አለ አባቴ። "ከኋላ እኔን ሲያዩ ተዉት። ቁይ ገብቷል።"

"ልትገድለው የሄድክ መስሎኝ..." አለች እናቴ፤ እንባዋ አላስጨርሳትም።

"ሰውዬው ምኔ ነው? እኔ የተከተልኩ አባቴን ነው።"

እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ተቆጣት፤ ግን በሹክሹክታ ነበር።

"ዝም በይ፤ ተኝተዋል።"