«ከአልጋ አልጋ እየነኩ አይሂዱ»

ዛሬ ወንድሜን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ፣ እንደ ልማዴ አጠገቡ የተኛውንም ሰው ልጨብጥ ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። «እማማ፣ ከአልጋ አልጋ እየነኩ አይሂዱ፤ ጀርም ያዛምታሉ።»

ደነገጥኩ። አባቴ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አቃቂ ፋብሪካ ሲሠራ እግሩ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ቁስሉ እዚያው ሆስፒታል አመረቀዘ፤ ፔኒሲሊን ቢወጋም አልሽር አለው።

ሐኪሙ «ጀርሙ እዚሁ የያዘው ነው፤ መድኃኒቱን ተላምዶታል» አላት እናቴን።

«ጀርም ደግሞ የሚገድለውን ይላመዳል እንዴ?» አለች ግራ ገብቷት።

ጠያቂውማ ብዛቱ! የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጥቶ ክፍሉን ሙሉ ጨበጠ። (በዚያ ዘመን ሊቀመንበሩን «እጅህን ታጠብ» የሚለው ማን ነው?)

አጠገቡ ጋሽ አሊ የሚባል፣ በመኪና አደጋ የቆሰለ የወሎ ሹፌር ተኝቶ ነበር። እናቴ ጠያቂ የለውም ብላ፣ የአባቴን ቁስል በጠረገችበት እጇ እሱንም ታገላብጠው ነበር።

አባቴ ከስንት ወር በኋላ ዳነ። የጋሽ አሊ ቁስል ግን እንደ አባቴ አመርቅዞ እግሩ ተቆረጠ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ አልቅሳለታለች።

እግሩን ያስቆረጠው ደግነቷ ይሆን እንዴ? አላውቅም፤ ዞሮብኛል።

ዛሬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ «እግዜር ይማርህ» ብዬ ወጣሁ። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እናንተ ብትሆኑ ትጨብጡት ነበር?