ፍሬን የለመደ እግር

እኔ ጋቢ ከምሸጥበት የሽሮ ሜዳ ሱቅ አጠገብ ባለው የሽመና ቤት አንድ ሽማግሌ ከክረምት ጀምሮ እየመጡ ሽመና ይማራሉ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። የግራ ክንዳቸው ከቀኙ ይጠቁራል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ከባድ መኪና ወደ ጅቡቲ ሲነዱ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት።

ሸማኔ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫዎቹን በየተራ እየረገጠ ይሠራል። እሳቸው ግን ክሩ ሲወሳሰብባቸው ቀኝ እግራቸውን አጥብቀው ይረግጣሉ፤ ያኔ ድሩ ይበጠሳል።

«ጋሼ፣ ፍሬን የለውም እኮ» ይላቸዋል አስተማሪያቸው እየሳቀ።

«ፍሬን በሌለው ነገር ላይ አስቀምጠኸኝ ትስቃለህ?» ይሉና የተበጠሰውን ይቀጥላሉ።

የሚሠሩት ለባለቤታቸው ነጠላ ነው።

«ስንቱን የቁስቋም በዓል ብቻዋን ሄደች» አሉኝ አንድ ቀን። «ዘንድሮ ይቺን ለብሳ አብረን እንሄዳለን።»

በዓሉ ሲቃረብ ምሳቸውን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ መብላት ጀመሩ።

በበዓሉ ጠዋት የቁስቋም ዳገት ላይ አየኋቸው። ነጠላው ደርሶ ባለቤታቸው ለብሰውታል። ጠርዙ ግን አንድ ቦታ ገባ፣ አንድ ቦታ ወጣ ይላል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከዚያ ጠርዝ ሳይነቅሉ ከኋላ ይከተላሉ። ባለቤታቸው ቆመው ዘወር አሉ።

«ምን ወደ ኋላ ያስቀርሃል?»

«ተጣሞብኛል።»

«ያንተ መንገድ መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል? ይልቅ ና፣ አጠገቤ ሁን» አሉና የጠቆረውን ክንድ ይዘው ዳገቱን ወጡ።