ወንድሜ ራሱ የሚያዞረው ሪሲቨር

ሦስት ሪሲቨሮች ነበሩን። ሪሲቨር የምለው ሬዲዮውንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ሳጥን የያዘውን የድሮ የጃፓን ዕቃ ነው፤ ፊቱ ነጣ ያለ ብረት፣ ማዞሪያዎቹ ድፍን፣ ክብደቱ አንድ ሰው ብቻውን ቢያነሳው ወገቡን የሚይዝ። ታላቅ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር በነበረበት ዘመን አንድ በአንድ ከጋቢናው መኝታ ስር ሸጉጦ ነው ያመጣቸው። ኬላውን እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀውም አይነግረኝም ነበር። ዛሬ ጭሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ሙዚቃውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ቤታችን ገብቶ ያንን ብረት ያየ ሁሉ "ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል እንዴ?" ብሎ ይስቃል። ይሳቅ። በዚያ ሳቅ ደሜ ሲፈላ ነው የኖርኩት።

ወንድሜ ለምን እንደገዛቸው አንድ ጊዜ ነግሮኛል። ከቦርደዴ ወዲያ ያለውን ሜዳ ብቻውን ሲነዳ፣ የሞተሩ ጩኸት የዘፈኑን ግማሽ ይበላበት ነበር። "አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሙሉውን እሰማዋለሁ እያልኩ ነው የምገዛው" አለኝ። ቁጭ የሚልበት ቀን በምን በኩል እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

ዓይኑን ያጣው በስኳር ነው። መጀመሪያ የማታ መንዳት ተወ፤ ቀጥሎ መኪናውን አስረከበ፤ ከዚያ ሻንጣውንና ሪሲቨሮቹን ይዞ እኔ ቤት ገባ። ከሚስቱ ከተፋታ ቆይቷል። እኔ ገበያው አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ ቀን ቀን እዚያ ነኝ። እሱ ቤት ይውላል። ሻዩን ሰው ይሰጠዋል፤ ሽንት ቤት ሰው ይመራዋል፤ የለበሰው ሸሚዝ የትኛው እንደሆነ ሰው ይነግረዋል። ሪሲቨሩን ግን ራሱ ይከፍታል። እጁን ዘርግቶ በስተግራ ያለውን ማብሪያ ቀጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ ትልቁን ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ ጣቢያ ይፈልጋል። ጠዋት ዜና፤ ከሰዓት በኋላ ከጎኑ በተያያዘው ማጫወቻ የኦሮምኛ ካሴት፤ ሲመሻሽ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የአረብኛ ጣቢያ። ያቺን ጣቢያ ለመያዝ ማዞሪያውን የፀጉር ያህል ብቻ ነው የሚነካው። እኔ ከሞከርኩ ትጠፋለች። "አቦ እጅህን አንሳ! ያንተ እጅ ለሚስማር ነው የተፈጠረው!" ይለኛል። በቀን ውስጥ ማንንም ሳይለምን የሚያደርገው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነበር። ይሄ እንዳይቀርበት ነው የለፋሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሁለቱ ሪሲቨሮች ቀድመው ነው ያለቁት። አለቁ ከምል እኛ ጨረስናቸው ብል ይሻላል። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ከእነሱ እያወጣን ለሦስተኛው ስንሰጥ፣ በመጨረሻ ባዶ ሳጥን ሆነው አልጋ ስር ገቡ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል።

ጭሮ ላይ የድሮ ዕቃ ማኖር ከመብራት ጋር መጣላት ነው። መብራት ይሄዳል። መሄዱስ ግድ የለም፤ ጉዱ አመጣጡ ነው። ሲመጣ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤታችን የራሱ ሕግ ነበረው። መብራት ሲጠፋ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ይነቅላል። "መጣ!" ተብሎ ሰፈሩ ሲንጫጫ ማንም መልሶ አይሰካም። እሱ ጆሮውን አቁሞ የፍሪጃችንን ድምፅ ያዳምጣል፤ ፍሪጁ ማቃሰቱን ትቶ ሲረጋጋ "አሁን" ይልና ይሰካል። አቧራውም ሌላ ጣጣ ነው። በጋ ሲገባ ክዳኑን ፈትቼ በቀለም ብሩሽ እጠርገዋለሁ፤ የማዞሪያዎቹን ሥር በአልኮል አጸዳለሁ፤ ካልጸዱ ሲዞሩ ይንኮሻኮሻሉ። ወንድሜ ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ ይዞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰድበኛል። "ቀስ በል! አህያ ነው እንዴ የምትጭነው?"

ባለቤቴ ደግሞ ብረቱ ራቁቱን መቀመጡ ያሳፍራታል። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል ለብሰዋል። "እንግዳ ምን ይላል?" እያለች ለሪሲቨሩም ሠራችለት። ወንድሜ ግን ከላይ ያሉት የሙቀት መውጫ ቀዳዳዎች ይታፈናሉ ብሎ ጨርቅ የሚባል አያስጠጋም፤ ዳንቴሉን በነካው ቁጥር ወደ ጥግ ይወረውረዋል። እኔም ያገዝኩት ለእሱ ነው። ትክክል ነበርን፤ ማንኛውም ዕቃ ጠጋኝ ይመሰክርልናል። የጎዳንም ያ ትክክል መሆናችን ነው።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሃጂ ነው የምንላቸው። ጁመዓ ጁመዓ ከሰላት በኋላ ወንድሜን ሊጠይቁት ይመጣሉ። ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ በኮባ የተጠቀለለ ጫት በብብታቸው ይዘው ነው። ጫት እንዳይጠወልግ ውሃ ይረጭበታል፤ ይሄ የታወቀ ነው። አንድ ጁመዓ ግን ሙቀቱ የከፋ ነበርና ሃጂ ጫቱን አልረጩትም፣ አጥበውታል ማለት ይቀላል። "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡና ፍራሹ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ጥቅሉን በአቅራቢያቸው ባገኙት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አኖሩት። ሪሲቨሩ ላይ። እኔ በር ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር፤ ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ያኔ ሃጂ እጃቸውን ለዱኣ ዘርግተዋል።

እኛ አገር በርጫ፣ አብሮ ተቀምጦ ጫት መቃሙ፣ ያለ ዱኣ አይጀመርም፤ ዱኣ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ደግሞ ተነስቶ አይሄድም። ወንድሜ ለአክብሮት ብሎ የካሴቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀንሶታል፤ ሪሲቨሩን ግን አላጠፋውም። ሃጂ የጀመሩት ከእሱ ዓይን ነው። "ያ አላህ፣ የዚህን ልጅ ብርሃን መልስለት" አሉ፤ ለሳቸው ገና ልጅ ነው። ውሃው ከኮባው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጠብ፣ ጠብ፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ። ዓይኔ እያየ! እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፣ ምን ላድርግ? ሰውየው ስለ ወንድሜ ዓይን ፈጣሪን ሲለምኑ "ሃጂ፣ አንዴ ይቆዩኝ፣ ጫትዎን ላንሳ" ልበል? ወንድሜ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ ሁለት መዳፉን ዘርግቷል። ሃጂ ደግሞ ዱኣ ላይ አይቸኩሉም፤ ከእሱ ዓይን ተነስተው ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለታመመው፣ መንገድ ላይ ላለው ሹፌር ሁሉ ደረሱ። እኔ ዓይኔን ከቀዳዳው ሳልነቅል "አሚን" እላለሁ። አሚን፣ አሚን። ከዚያ ጧ አለ።

ትልቅ ድምፅ አልነበረም። የጣቢያ ማሳያው መብራት ጠፋ፤ ቀጭን ጭስ ወጣ። ሃጂ ሳያቋርጡ ጨረሱ፤ በመዳፋቸው ፊታቸውን አበሱ፤ ከዚያ አየሩን አሽተት አሽተት አድርገው "ማሊ ኩኒ? ምንድነው የሚሸተው?" አሉ። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ኮባውን ነካ፤ ውሃውን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። "ምንም አይደል ሃጂ። ዱኣዎትን አላህ ይቀበለው" አለ። ሃጂ እስከ ዛሬ አያውቁም። ባለቤቴ ግን ዳንቴሉ ቢኖር ኖሮ ውሃውን ይመጠው ነበር ትላለች።

አድርቄ ስፈትሸው ትላልቆቹ ትራንዚስተሮች በግራም በቀኝም ተቃጥለዋል፤ የተቀመጡበት ሰሌዳም ከስሏል። አልጋ ስር ካሉት ሳጥኖች የሚወጣ ነገር አልቀረም። ሂርና ሄድኩ፤ እዚያ አስፋልቱ ዳር ሬዲዮ የሚጠግን ሰው አለ። የተቃጠለውን አገላብጦ አየና ያው ቁጥር የተጻፈባቸው አዳዲስ ትራንዚስተሮች ከመሳቢያው አወጣ። "ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ ውስጡን አላህ ያውቃል" አለኝ። ቢያንስ አልዋሸኝም። ይዤ ተመለስኩ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ከተጠገነ በኋላ ዝም ብሎ ሶኬት ላይ አይሰካም። በመስመሩ መሃል አንድ ተራ አምፖል ይገባል። ዕቃው ደህና ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። ውስጡ የተቃጠለ ነገር ካለ ግን ቦግ ብሎ በርቶ ይቀራል። ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፣ ዓይን በነበረው ጊዜ። የከሰለውን ሰሌዳ በሽቦ እየቀጠልኩ፣ እየበየድኩ ጨረስኩና ሰካሁት። ወንድሜ ፍራሹ ጫፍ ላይ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"በራ?" አለኝ።

አምፖሉ ቦግ ብሎ ክፍሉን ሞልቶታል። ግድግዳው፣ ምንጣፉ፣ የወንድሜ ፊት፣ ሁሉም ቢጫ ሆኗል።

"አንተ! በራ ወይ ነው የምልህ?"

"በራ።"

"ንቀለው" አለኝ።

ፈትቼ እንደገና ሠራሁት፤ እንደገና በራ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ፍራሹ ላይ መቀመጡን ትቶ አልጋው ላይ ይተኛ ጀመር። ከሱቅ ስገባ ቤቱ ጭር ብሎ ይጠብቀኛል። ጠዋት ዜናውን ስለማይሰማ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። "ነጋ እንዴ?" ብሎ ባለቤቴን ይጠይቃታል፣ በጠራራ ፀሐይ።

አንድ ቀን ግን ትዝ አለው። አብሮት የሚነዳ የሚኤሶ ሰው ያንኑ ዓይነት ሪሲቨር ገዝቶ ነበር። ሰውየው ሞቷል፤ ሚስቱ ግን እዚያው ቤት አለች ተባለ። በሚኒባስ ወደ ቆላው፣ ወደ ሚኤሶ ስወርድ ሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ልቤ ይመታ ነበር። ሴትየዋ አስገብታ ውሃ ሰጠችኝ፤ በድርቁ ከብቶቻቸው እንዳለቁ አወራችኝ፤ የመጣሁበትን ስነግራት ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አለ! ፊቱ አለ፣ ማዞሪያዎቹ አሉ፣ የኛ ሪሲቨር ቁርጥ እሱን። ጎንበስ ስል ዶሮ ውስጡ ተቀምጣለች። ክዳኑ የለም፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጭድ ተነጥፎበታል። "ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች ናቸው፤ መዳብ አለው ብለው ሆዱን ወሰዱት፤ ሳጥኑን ተዉልኝ" አለች። ፊቴን አይታ ደነገጠች መሰለኝ፣ "ከፈለግከው ውሰደው" ብላ ጨመረች። ምን አደርገዋለሁ? ባዶ ሳጥን እኛም ቤት አለ። አመስግኜ ወጣሁ። የጭነት መኪኖቹ በተሰለፉበት መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን አባቱ፣ አለቀስኩ።

"ባዶ ነው" አልኩት ስገባ።

"ይሁን" አለ።

እንግዲህ እንደ ሰው ሆንን፤ ብሉቱዝ ስፒከር ገዛሁ። ትንሽ ናት፣ ላባ ናት፤ ስትዘፍን ዙሪያዋን ቀለማም መብራት ይሮጥባታል። ለዓይነ ስውር መብራት! ቁልፎቿ ከጎማ ሽፋኗ እኩል ተለጥፈው በጣት አይለዩም። አንዱን ሲጫን በእንግሊዝኛ የምትናገር ሴት ትወጣለች፤ ሌላውን ሲጫን ስፒከሯ ራሷ ትጠፋለች። ጣቢያ የሚፈልግበት የለውም፤ ዘፈኑ ያለው እኔ ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ከእኔ ጋር ሱቅ ይውላል። አሠራሯን ደጋግሜ አሳየሁት። ማንም ሲያሳየው "ዞር በል፣ ራሴ አደርገዋለሁ" የሚለው ሰውዬ እጁን ሰጥቶኝ ዝም ብሎ ተማረ። አልያዘለትም። "ጥሩ ዕቃ ናት፤ አላህ ይባርክልህ" አለኝ።

ባለፈው ለምሳ ስገባ ቤቱ እንደተለመደው ጭር ብሏል፤ ወንድሜ ስፒከሯን ታቅፏታል ማለት ይቻላል፣ ጭኑ ላይ ናት። እግሬን ሰምቶ ቀና አለ።

"ወንድሜ" አለኝ፣ "ካላስቸገርኩህ፣ እባክህ፣ ጊዜ ካለህ ትከፍትልኛለህ?"

ሰው ቤት እንዳረፈ እንግዳ ነው የተናገረው።

"ምን ልክፈትልህ?"

"ያገኘኸውን።"

ስልኬን አወጣሁና አንዱን ነካሁ። ከዚያ ድምፁን ጨመርኩት። እስኪሰነጠቅ ጨመርኩት፤ ስፒከሯ ጭኑ ላይ እስክትንዘፈዘፍ፣ ባለቤቴ ከጓዳ "ምን ሆናችኋል?" ብላ እስክትጮህ። ሆን ብዬ ነው። ተናዶ እንዲሰድበኝ፣ "አቦ እጅህን አንሳ" እንዲለኝ ቆሜ ጠበቅኩት።

"አላህ ይስጥልኝ" አለኝ።